የድልድዩን ጉዳት ለማግኘት ሦስት ቀን? መላ በሉኝ

ባለድልድዩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ ላይ ተቀርቅሬያለሁ። 61 ዘንግ ያለው የብረት ድልድይ ሞዴል አለኝ። ንዝረቱን አይቼ የትኛው ዘንግ እንደተዳከመ መለየት ነው ሥራዬ። ጄኔቲክ አልጎሪዝሙ (ግምቶችን እያዳቀለ በየትውልዱ የተሻሉትን የሚመርጥ የፍለጋ ዘዴ) በፓይተን ኮድ በኩል ሳፕ 2000 የሚባለውን የመዋቅር ማስሊያ ሶፍትዌር እየጠራ ግምቱን ይሞክራል። አንዱ ሙከራ 12 ሰከንድ ይፈጃል። 100 ግምት በ200 ትውልድ 20,000 ሙከራ ነው፤ 66 ሰዓት ከምናምን። ትናንት ሌሊት 143ኛው ትውልድ ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። በየመሀሉ ሴቭ አላደረግኩም፣ አትስደቡኝ። አማካሪዬ “ትውልዱን ቀንስ” አሉኝ። ስቀንሰው ደግሞ ጤነኛውን ዘንግ ይወነጅላል።

ንዝረት፦
ወንድሜ፣ ጊዜህን የሚበላው ስሌቱ ሳይሆን ሳፕን መመላለሱ ነው። በየሙከራው ሞዴሉን ያስተካክላል፣ እንደ አዲስ ያስኬዳል፣ ውጤት ይጽፋል። የሚቀየረው ግን የዘንጎቹ ጥንካሬ ብቻ ነው። የእያንዳንዱን ዘንግ ስቲፍነስ ማትሪክስ (ጥንካሬውን የሚገልጸውን የቁጥር ሰንጠረዥ) አንዴ አውጥተህ አስቀምጥ። 30 በመቶ ተዳክሟል ብለህ ስትገምት የሱን በ0.7 አባዝተህ ከሌሎቹ ጋር ደምር፣ በቃ። ክብደቱን የሚገልጸውን የማስ ማትሪክስ አትነካውም። ከዚያ በሳይፓይ (የፓይተን የስሌት ላይብረሪ) የመጀመሪያዎቹን 6 ሞዶች (ድልድዩ የሚነዝርባቸውን መንገዶች) ብቻ አስላ። ለ61 ዘንግ ከሰከንድ በታች ነው። በፊት ግን ያልተጎዳውን ሞዴል በሁለቱም መንገድ አስልተህ ፍሪኩዌንሲው (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነዝር) መግጠሙን እይ። እኔ ኒውተንና ኪሎኒውተን ቀላቅዬ ሳምንት ተቃጥያለሁ።

ጋሽ ኮንክሪት፦
ልጄ፣ ፍጥነቱ ጥሩ ነው። ግን የምታነጻጽረው ፍሪኩዌንሲ ብቻ ነው? ድልድይህ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ የግራው ዘንግ ቢዳከምም የቀኙ ቢዳከምም ፍሪኩዌንሲው ያው ነው። ሞድ ሼፕ (ሲነዝር የሚይዘውን ቅርጽ) ጨምርበት። ሙቀቱንም አትርሳ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ዜድ24 የሚባል ድልድይ ነበር፤ በ1998 ከመፍረሱ በፊት አንድ ዓመት ገደማ ንዝረቱን ተከታትለውታል። በብርድ ጊዜ አስፋልቱ ሲጠነክር ፍሪኩዌንሲው ከፍ ይል ነበር። ማንም ሳይነካው።

ባለድልድዩ፦
ንዝረት፣ እጅህ ይባረክ። 20,000ውን ሙከራ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ሳይቀዳ ጨረሰው! ጋሽ ኮንክሪት፣ እርስዎም ልክ ነዎት። 9ኛውና 22ኛው ዘንግ እየተፈራረቁ ይወጡብኝ ነበር። ሥዕሉን ስገልጠው ፊት ለፊት የተቀመጡ መንትዮች ናቸው። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ጥፋቱን በትውልዱ ቁጥር ላይ ሳላክክ ከርሜያለሁ። አሁን ለአማካሪዬ እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው እያሰብኩ ነው።