14 ሰው አናግረን አንድ መልስ ይዘን ተመለስን፣ ምን እናድርግ?

ማይክ ያዧ
ሰላም ለሁላችሁ። የጋዜጠኝነት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አሳይመንታችን በቡድን አንድ ሰፈር መርጦ የዕለት ተዕለት ኑሮውን መዘገብ ነው። የመረጥነው ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው፤ አንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ ስትወጡ ሦስት ቋንቋ ትሰማላችሁ። ሁለት ቅዳሜ ወጥተን 14 ሰው አናገርን። 14ቱም የተማከሩ ይመስል አንድ ነገር ነው ያሉን፦ «ኑሮ ተወዷል፣ ግን ተቻችለን እንኖራለን።» በቃ። መምህራችን አንብቦ «ይሄ ዘገባ ሳይሆን የአስተያየት መስጫ ሳጥን ነው» አለን። ሳቅን፣ ግን አመመን።

ደግሞ አንዲት እናት የኛን ቋንቋ ስለማይችሉ የ9 ዓመት ልጃቸው ነበር የሚያስተረጉምልን። እሳቸው አምስት ደቂቃ ሙሉ እጃቸውን እያወናጨፉ ያወራሉ፣ ልጁ «ደህና ነን ነው የምትለው» ይለናል። 10 ቀን ቀርቶናል። ሰፈር እንቀይር ወይስ ጥያቄ? እውነቱን ንገሩኝ።

ጡረተኛው አርታኢ
ሰፈሩ ምን አደረገሽ? ጥያቄውን ቀይሪ። «ኑሮ እንዴት ነው?» እኮ ሰላምታ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። ለሰላምታ ደግሞ ሰው የሚመልሰው ሰላምታ ነው። ይልቅ ዛሬ ስንት ሰዓት ተነሱ፣ መጀመሪያ ምን ሰሙ፣ ደረጃው ላይ ማንን አገኙ፣ ምን ተባባላችሁ ብለሽ ጠይቂ። ሰው አስተያየቱን ከሌላ ሰምቶ ሊደግምልሽ ይችላል፣ የዛሬ ጠዋቱን ግን ከማንም አይዋስም።

አንድ የድሮ ምሳሌ ልንገርሽ። በኅዳር 1963 እ.ኤ.አ. ኬኔዲ ሲቀበር የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ባለሥልጣናቱን ሲከተል፣ ጂሚ ብሬስሊን የሚባል የኒውዮርክ ጋዜጠኛ መቃብሩን የቆፈረውን ሰው ፈልጎ አናገረ። ክሊፍተን ፖላርድ ይባላል፣ በሰዓት 3 ዶላር ከ1 ሳንቲም ነበር የሚከፈለው። እሑድ ቀን ከቤቱ ተጠርቶ ነው የመጣው። ጽሑፉ ስለ ሐዘን አይሰብክም፣ አንድ ሰው ሥራውን ሲሠራ ነው የሚያሳየው። ያቺ 1 ሳንቲም እንዴት እንደተገኘች አስቢ። ስለ ስሜቱ ብቻ ቢጠይቀው ኖሮ አያገኛትም ነበር።

ደንገዝገዝ
ይቅርታ፣ እኔ አልስማማም። 14 ሰው አንድ ነገር ካለ እሱ ራሱ ዜና አይደለም እንዴ? ሁላችንም «የተለየ ታሪክ» ስናሳድድ እኮ ነው ሰፈሩ የማያውቀውን ሰፈር የምንጽፈው። ሕዝቡ ተቻችለን እንኖራለን ካለ፣ ይኖራል።

ጡረተኛው አርታኢ
@ደንገዝገዝ ግማሹን ልክ ነህ። ግን ቃሉን እይማ። «ተቻቻልን» ያለ ሰው እኮ የቻለው ነገር አለ ማለት ነው። ምኑን ነው የቻለው? የማንን? ጩኸት ነው፣ የውሃ ወረፋ ነው፣ በር ላይ የሚቆም መኪና ነው? ተማሪዎቹ ያቆሙት መጀመር በነበረባቸው ቦታ ላይ ነው። ቺካጎ ውስጥ ብዙ ጀማሪ ዘጋቢ ያሠለጠነ የዜና ቢሮ ነበር፣ የዚያ ቤት ሰዎች «እናትህ እወድሃለሁ ብትልህ እንኳ አጣራ» ይሉ ነበር። ጎረቤት እወደዋለሁ ሲልማ እንዴት አይጣራ!

ሁለት ልሳን
ስለ ልጁ ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳ። በሙያዬ አስተርጓሚ ነኝ። እባካችሁ በልጅ አታስተርጉሙ። እናትየው ልጇ ፊት የማትለው ነገር አለ፣ ልጁ ደግሞ እናቱን የሚያሳፍር የመሰለውን ይውጠዋል፣ የቀረውን ያሳጥረዋል። እኔም በልጅነቴ ለእናቴ ስተረጉም እንደዚያ ነበር የማደርገው፣ ማንም ሳያስተምረኝ።

ዘመድ ያልሆነ ትልቅ ሰው ፈልጉ። ያው ሰፈር ውስጥ ጠብ ያለው እንዳይሆን ግን ቀድማችሁ አጣሩ። «እሷ እንዲህ አለች» ሳይሆን እንደሷ ሆኖ «እኔ» እያለ ይተርጉም፣ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ላይ ያስቁማት። ድምፁን በሙሉ ቅረጹና ቋንቋውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ጥቅሶቹን ያዳምጥላችሁ። በትርጉም የተገኘ መሆኑንም ዘገባው ላይ ጻፉ፣ አያሳፍርም።

ቀድሞ የወጣ
የምጨምረው አንድ ነገር ነው፣ ከደረሰብኝ። ተማሪ ሳለሁ በአንድ ክፍል ለስድስት ስለሚኖሩ ሰዎች ጻፍኩ። ስም አልጠቀስኩም፣ ፊትም አላሳየሁም። ግን ፎቶው ላይ የመስኮቱ መጋረጃ ነበር። አከራዩ መጋረጃውን አወቀው። በሳምንቱ ቤቱን ለቀው ወጡ። ፈቃድ ጠይቄ ነበር፣ አዎ፣ ግን የት እንደሚወጣና ማን ሊያየው እንደሚችል አልነገርኳቸውም። እነሱ ለክፍል የሚቀርብ የቤት ሥራ ነው የመሰላቸው። እንዲህ ያለ ፈቃድ ፈቃድ አይባልም። ያገኘሁት ማርክ ጥሩ ነበር፣ እስካሁን ያስጠላኛል።

እና ቅዳሜ ብቻ አትሂዱ። ማክሰኞ ንጋት ላይ ሂዱ፣ ያው ሰው ጋ ተመለሱ። ሁለተኛ ስትመጡ ነው ሰው ማውራት የሚጀምረው።

ማይክ ያዧ
ተመልሼ መጣሁ። አስተርጓሚ አገኘን፣ ከሌላ ዲፓርትመንት ያለች ልጅ ናት። እናትየው ጋ ንጋት ላይ ሄድን። ያን ዕለት አምስት ደቂቃ ያወሩት ስለ ኑሮ ውድነት አልነበረም! ከላያቸው ያለው ሰውዬ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የሆነ ከባድ ነገር መሬት ላይ ይጎትታል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰዓት ይነቃሉ። ለምን አልነገሩትም ስንል ሳቁ። አንደኛ፣ ቋንቋው ከሳቸው ጋ አይገናኝም። ሁለተኛ፣ ውሃ ሲጠፋ ጄሪካናቸውን አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚያወጣላቸው እሱ ነው። ቆጥረው ሲያዩት መንቃቱ ይሻላቸዋል።

@ደንገዝገዝ፣ ያው ተቻችለው ነው።

ሰውዬውን ገና አላናገርነውም። ምን እንደሚጎትት እናትየውም አያውቁም። ሐሙስ ሥራ ስለማይገባ ኑ ብሎናል። መጋረጃ የሚታይበት ፎቶ አናነሳም፣ ቃል።