የአገር ቤት የአካውንቲንግ ዲግሪ እያለኝ 40,000 ዶላር ተበድሬ እንደ አዲስ ልማር?

አዲስ ገቢ፦
ጤና ይስጥልኝ። በዲቪ መጥቼ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ እኖራለሁ። አገር ቤት በአካውንቲንግና ፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዤ ባንክ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ እዚህ ግን ቀን መጋዘን እየሠራሁ ማታ ኡበር እነዳለሁ። ወደ ሙያዬ መመለስ ፈልጌ ያነጋገርኩት አንድ የግል ኮሌጅ የቀድሞውን ዲግሪ ትቼ የመጀመሪያ ዲግሪውን ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ እንድጀምር መከረኝ። ፔል ግራንት (መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠው የማይመለስ ድጎማ) ከሚሸፍነው ሌላ ወደ 40,000 ዶላር የሚጠጋ የፌዴራል ብድር እንደሚያስፈልገኝም ተነግሮኛል። ተመርቄ የማገኘው ደመወዝ ይህን ዕዳ ይሸከማል ወይ? በሙያው ውስጥ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የፌርፋክስ አካውንታንት፦
ወንድሜ፣ ዕዳውን በመጀመሪያ ወደ ወርሃዊ ክፍያ እንለውጠው። በ2025-26 የትምህርት ዘመን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የፌዴራል ብድር ወለድ 6.39 በመቶ ነው። 40,000 ዶላር በዚህ ወለድ በ10 ዓመት ሲከፈል በወር 452 ዶላር ገደማ፣ በድምሩ ደግሞ ከ54,000 ዶላር በላይ ይሆናል። መንግሥት ወለዱን የማይሸፍንልዎት የብድሩ ክፍል ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ስለሚወልድ፣ ትምህርት ላይ ሳሉ የሚጠራቀመው በዚህ ላይ ይታከላል።

ወደ ገቢው ስንመጣ፣ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በሜይ 2024 የአካውንታንቶችና ኦዲተሮችን መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 81,680 ዶላር አድርጎ መዝግቧል። ይህ ቁጥር ግን ሃያ ዓመት የሠራውንም ትናንት የተቀጠረውንም አንድ ላይ ይዞ የወጣ በመሆኑ፣ ኮሌጆች ለአዲስ ተመዝጋቢ ሲያሳዩት በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። ከሠራተኞቹ አንድ አሥረኛ የሚሆኑት ከ53,000 ዶላር በታች ያገኛሉ። ጀማሪ ሆነው በ53,000 ዶላር ቢቀጠሩ ክፍያው ከታክስ በፊት ካለው ደመወዝዎ አንድ አሥረኛውን ይወስዳል። ይህ ላላገባ ሰው የሚቻል ነው፤ የአሌክሳንድሪያን የቤት ኪራይ እየከፈለ ልጆች ለሚያሳድግ አባት ግን ከባድ ነው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የብድሩ መጠን ሳይሆን ብድሩ የሚገዛልዎት ነገር ነው። ዲግሪ አለዎት። የጎደለዎት ዲግሪው በአሜሪካ ሚዛን ስንት ክሬዲት (የኮርስ መጠን መለኪያ) እንደሆነ የሚያሳይ ሰነድና ጥቂት ኮርሶች ይመስሉኛል። ስለዚህ ከማንኛውም ምዝገባ በፊት ትራንስክሪፕትዎን ከዩኒቨርሲቲው አስልከው የቨርጂኒያ የአካውንታንሲ ቦርድ በሚቀበለው ድርጅት ያስገምግሙ። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የመጀመሪያ ዲግሪ በሦስት ዓመት ይሰጥ ስለነበር፣ የእርስዎም ከእነዚያ አንዱ ከሆነ የአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ በተለምዶ የሚጠይቀውን 120 ክሬዲት ላይሞላ ይችላል፤ ቢጎድል እንኳ የሚቀረው የአንድ ዓመት ያህል ትምህርት እንጂ አራት ዓመት አይደለም። የአሜሪካን የታክስ ሕግ አገር ቤት ስላልተማርነው ያንን መማርዎ አይቀርም።

በቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የሲፒኤ (በመንግሥት የተመሰከረለት የሂሳብ ባለሙያ) ፈቃድ ለማግኘት 150 ክሬዲት ማሟላት ብቸኛው መንገድ መሆኑ ቀርቷል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ አስፈላጊዎቹን የአካውንቲንግና የቢዝነስ ኮርሶችና የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይዞ አራቱን የፈተና ክፍሎች ያለፈ ሰውም ፈቃዱን ያገኛል። ለዕዳ ስሌትዎ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ምክንያቱም ቀደም ሲል ብዙ ሰው ማስተርስ ለመማር ይበደር የነበረው 30 ክሬዲቱን ለመሙላት ነበር።

ስለ ፔል ግራንትም አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ለሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ፔል አያገኝም፤ በውጭ አገር የተገኘ ዲግሪም ከአሜሪካው ጋር እኩል ነው ተብሎ ከተወሰነ ያው ነው። ኮሌጁ ዲግሪዎን ወደ ጎን ይተው ብሎ ግራንቱን ካሰበልዎት፣ ውሳኔውን በጽሑፍ ይጠይቁ። ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ) ላይ ዲግሪ የለኝም ብለው ፈጽሞ እንዳይሞሉ።

ከአናንዴል፦
እህታችን ባለችው በአብዛኛው እስማማለሁ፤ አንድ ነጥብ ግን ሳይነሳ ማለፍ የለበትም። ትልልቆቹ የኦዲት ድርጅቶች ጀማሪዎችን በብዛት የሚመለምሉት ከዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በኢንተርንሺፕ በኩል ነው፤ በግምገማ ሰነድ ብቻ የሚያመለክት ሰው ያንን በር ለማግኘት ይቸገራል። ዓላማዎ እዚያ መግባት ከሆነ እንደ ጆርጅ ሜሰን ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለግዛቱ ነዋሪዎች በሚጠየቀው ቅናሽ ክፍያ ማስተርስ መማር ሁለተኛ ባችለር ከመያዝ ይሻላል። የድኅረ ምረቃ የፌዴራል ብድር ወለድ ግን በ2025-26 የትምህርት ዘመን 7.94 በመቶ መሆኑን አይርሱ።

አዲስ ገቢ፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዲግሪዬ የሦስት ዓመት ነው። ሥራ ሳላቆም በማታ ጥቂት ጥቂት ኮርስ ብወስድስ?

የፌርፋክስ አካውንታንት፦
የሚያዋጣዎት መንገድ ይህ ይመስለኛል። ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ) ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በማታና በኦንላይን የአካውንቲንግ ኮርሶች ይሰጣል፤ ክፍያውም ከግል ኮሌጅ በብዙ ያንሳል፤ የትኛው ኮርስ ለሲፒኤ ፈተናው እንደሚቆጠር ግን አስቀድመው ቦርዱን ይጠይቁ። ከጁላይ 1 ቀን 2026 በኋላ ሙሉ ጊዜውን የማይማር ተማሪ የፌዴራል የብድር ጣሪያ በሚወስደው ክሬዲት ልክ ስለሚቀንስ፣ ለማታ ትምህርት ብዙ ብድር ይለቀቅልኛል ብለው አይቁጠሩ።

ከዚያ በፊት ደግሞ መጋዘኑን በሂሳብ ክፍል ሥራ ለመቀየር ይሞክሩ። ለአካውንትስ ፔየብል (የድርጅቱን ተከፋይ ሂሳቦች መከታተል) እና ለቡክኪፒንግ (የሂሳብ መዝገብ አያያዝ) ሥራ የባንክ ልምድዎ ይቆጠርልዎታል። በሜይ 2024 የቡክኪፒንግ ሠራተኞች መካከለኛ ደመወዝ 49,210 ዶላር ነበር፤ ኮሌጁ በአራት ዓመት ዕዳ ሊያደርስዎት ካሰበበት የጀማሪ ደመወዝ ብዙም አይርቅም። ቀጣሪዎ የትምህርት ክፍያ የሚረዳ ከሆነ ደግሞ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ያለ ታክስ ሊከፍልልዎት ሕጉ ይፈቅድለታል፤ ስለዚህ በቃለ መጠይቁ ጊዜ ይህን ጥቅም ይሰጡ እንደሆነ ሳይጠይቁ አይውጡ።