ክርክር፦ የተማሪውን ሴሽን ማን ይያዝ? ሎድ ባላንሰሩ ወይስ አፕሊኬሽኑ?

ከፒያሳ፦ ሰላም የሐዋሳ ልጆች። እዚህ ከተማ ያለ አንድ ኮሌጅ የምዝገባ ሲስተሙን በሁለት ሰርቨር ነው የሚያስኬደው፣ ፊት ለፊት ኤፍ ፋይቭ የሚባል ኩባንያ ሎድ ባላንሰር (ጥያቄዎችን ለሰርቨሮቹ የሚያከፋፍል መሣሪያ) አለ። ተማሪው ፎርሙን ሞልቶ «ቀጥል» ሲጫን ሎግ ኢን ገጹ ላይ ይመልሰዋል፣ ምክንያቱም ጥያቄው ወደማያውቀው ሰርቨር ሄዷል። ኔትዎርክ ክፍሉ ሎድ ባላንሰሩ ላይ አይሩል (የሎድ ባላንሰሩ ስክሪፕት) ጽፈን ሴሽኑን፣ ማለትም ተማሪው ገብቶ የጀመረውን ሥራ፣ እንከታተል እያለ ነው። እደግፋለሁ። ኮድ ሳይነካ ቶሎ ያልቃል፣ ምዝገባው ደግሞ ደርሷል።

ከአቶቴ፦ አልስማማም። አይሩል ቲሲኤል በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው የሚጻፈው፤ የጻፈው ልጅ ሥራ ሲለቅ ማን ደፍሮ ይነካዋል? ደግሞ አይሩሉ ማን የት እንደተላከ በሚይዝበት ቴብል ውስጥ የምታስቀምጠው ነገር ታይምአውት (የሚቆይበት ጊዜ) ካልሰጠኸው በ180 ሰከንድ ይጠፋል። ሦስት ደቂቃ! መዝገቡ በተፈለገ ቁጥር ዕድሜው ይታደሳል፣ ግን ልጁ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን፣ ወረዳውንና የተጠሪ ስልክ ሲጽፍ ወደ ሰርቨሩ የሚሄድ ምንም ነገር ስለሌለ አይታደስለትም።

ከፒያሳ፦ እሱማ ታይምአውቱን 1800 ሰከንድ አድርጎ መገላገል ነው።

ከመናኸሪያ፦ ስክሪፕት ለምን አስፈለገ? በአይፒ (በኢንተርኔት አድራሻው) እሰሩት። አንድ አይፒ ሁሌ ወደ አንድ ሰርቨር።

ከአቶቴ፦ ወንድሜ፣ እሱ ይብሳል። አብዛኛው ተማሪ በሞባይል ዳታ ነው የሚገባው፣ ብዙ ስልክ ደግሞ በአንድ የጋራ አይፒ ነው የሚወጣው። አንዱ ሰርቨር ይጨናነቃል፣ ሌላው ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ልጁ ከካፌው ዋይፋይ ወጥቶ ዳታ ሲያበራም አይፒው ይቀየርና እንደ አዲስ ሰው ይቆጠራል።

ከታቦር፦ የአቶቴዋ እህታችን ልክ ናት። ለአሁኑ ኩኪ ይበቃል። ሎድ ባላንሰሩ የሰርቨሩን መለያ የያዘ ኩኪ (ትንሽ የመረጃ ቁራጭ) ብራውዘሩ ላይ ያስቀምጣል፣ ተማሪው ሲመለስ እሱን አይቶ እዚያው ይልከዋል። ስክሪፕት የለም፣ የሚያዝ ቴብልም የለም። ግን አንድ ነገር አትርሱ፦ ሰርቨሩ ራሱ ከወደቀ ኩኪውም አይሩሉም አያድኑትም። ተማሪው የሞላው ነገር ያለው እዚያ ሰርቨር ሜሞሪ ውስጥ ነዋ! ሎድ ባላንሰሩ የሚያውቀው የት እንደላከው ብቻ ነው። ሴሽኑ ከሁለቱም ሰርቨሮች ውጭ፣ ሬዲስ በሚባል የጋራ የመረጃ ማከማቻ ላይ ሲቀመጥ ግን የትኛውም ሰርቨር ያስተናግደዋል።

ከመናኸሪያ፦ ሬዲሱስ ቢወድቅ?

ከታቦር፦ እሱም መጠባበቂያ ይፈልጋል፣ ልክ ነህ። ሎድ ባላንሰሩም እኮ ይፈልጋል፤ ቴብሉ ወደ ተጠባባቂው ካልተገለበጠ ዋናው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ከአቶቴ፦ እኔን ሌላም ነገር ያሳስበኛል። የአይሩሉን ረቂቅ አይቼዋለሁ፣ በየጥያቄው የተማሪውን መለያ ቁጥር ሎግ (የክንውን መዝገብ) ላይ የሚጽፍ መስመር አለው። ማን መቼ ምን ገጽ እንደከፈተ ኔትዎርክ ክፍል ቁጭ ብሎ ሊያይ ነው። ተማሪው ይህን ተጠይቋል? ያ መስመር ይውጣ፣ በዚህ አልደራደርም።

ከፒያሳ፦ መስመሩ ይውጣ፣ እስማማለሁ። ኩኪውም ይሁን። ሬዲስ ግን ገንቢዎቹ ኮዱን ካልቀየሩ አይሆንም፣ ከምዝገባው በኋላ ቢደረግስ?

ከአቶቴ፦ «በኋላ» የተባለ ነገር እዚህ አገር መቼ ተሠርቶ ያውቃል? ከለኩና ከይርጋዓለም ተሳፍሮ መጥቶ ኢንተርኔት ካፌ በሰዓት የሚከፍል ልጅ ነው የሚጎዳው። አሁኑኑ ቀን ተቆርጦ፣ የሚሠራው ሰው ታውቆ በጽሑፍ ይቀመጥ። ያኔ ለኩኪው እጄን አወጣለሁ።