የሀዋሳ የአድራሻ መረጃ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፦ የጋራ ሐሳብ ማርቀቂያ

አስተባባሪ፦
ለከተማ አስተዳደሩ የምናስገባውን ሰነድ እዚሁ እንቅረጸው። ዛሬ ደብዳቤ የሚደርሰው ፖስታ ሣጥን ላለው ሰው ነው። ዕቃ አድራሹም አምቡላንሱም «ከአቶቴ ወደ ታች፣ ሁለተኛው ቅያስ፣ ሰማያዊ በር» እየተባለ በስልክ ነው የሚመራው። የመጀመሪያው ረቂቅ «ለከተማችን የፖስታ ኮድ ይሠራልን» ይላል። እስኪ እናንተም በሉበት።

የካርታ ሥራ አባል፦
ኮዱን ለጊዜው እንተወው። የሚያስፈልገን በማዘጋጃ ቤቱና በቀበሌ እጅ ያለው የቤት ቁጥር መዝገብ ነው፤ ማንም ሰው በነፃ አውርዶ እንዲሠራበት ይለቀቅ። ኮድ ኖሮ መዝገቡ ከተዘጋ ምን እንደሚሆን እንግሊዝ ታሳያለች። ሮያል ሜይል በ2013 በአውሮፓ አቆጣጠር ወደ ግል ሲዞር የአድራሻ ፋይሉም አብሮት ሄደ፤ ሙሉውን የሚፈልግ ይከፍላል። ዴንማርክ በ2002 አድራሻዋን ነፃ አደረገች፤ ከ2005 እስከ 2009 የተገኘው ጥቅም 62 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ፣ ወጪው ደግሞ 2 ሚሊዮን ገደማ ተብሎ ተሰልቷል። ነፃነቱ ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይስፈር፤ ለንግድ መጠቀምም ሆነ ማንም ሊያርመው ወደሚችለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ ወደ ኦፕንስትሪትማፕ ማስገባት እንደሚቻል በግልጽ ይባል።

ከዴሊቨሪ ሥራ የመጡ አባል፦
እኔም ከዚሁ ጋር ነኝ፤ ግን ቤቱን በካርታ ላይ የሚያሳየው ነጥብ የት እንደሚያርፍ ይጻፍ። ከሳተላይት ምስል የተወሰደ ነጥብ ጣሪያው መሃል ላይ ይቀመጣል፤ የግቢው በር ግን በጀርባ ቅያስ ሊሆን ይችላል። ባጃጁ ዞሮ ዞሮ አጥር ጋ ይቆማል። ነጥቡ በር ላይ ይሁን። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ ቢኖርም የቤት ቁጥሩ አንድ ነው፤ ስለዚህ የንዑስ ቤት ዓምድ ያስፈልጋል። የታወቀ ምልክት የሚጻፍበት ዓምድም ይኑር፤ ባዶ ቢሆን ግድ የለም።

የመረጃ ሥራ አባል፦
ትልቁ ችግር መለያው ነው። የቤት ቁጥር በቀበሌ የተሰጠ ስለሆነ ቀበሌዎች ሲዋሃዱ አንድ ቁጥር ሁለት ቤት ላይ ይወድቃል። ቁጥር ያልተሰጣቸው ቤቶች ደግሞ ሁሉም «አዲስ» ተብለው ይመዘገባሉ፤ «አዲስ» ስንት ቤት እንደሆነ ማን ይለየዋል? እያንዳንዱ በር ምንም ትርጉም የሌለው ቋሚ መለያ ይሰጠው፤ ቤቱ ቢፈርስ እንኳ መለያው ለሌላ አይሰጥ። የክልልም የቀበሌም ስም በውስጡ አይግባ። በእኛ አቆጣጠር በ2012 ሲዳማ ክልል ሲሆን ቤቶቹ ካሉበት አልተነሱም፤ «ደቡብ ክልል» ያለው አድራሻ ግን ሁሉ አረጀ።

ፋይሉ ሲኤስቪ (በነጠላ ሰረዝ የተለየ ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ሆኖ በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዘው የኮምፒውተር አጻጻፍ፣ ይቀመጥ፤ አለዚያ ፊደላችን ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። የቤት ቁጥሩ እንደ ጽሑፍ ይያዝ፤ ኤክሴል «3/12»ን ወደ ቀን ይቀይረዋል፣ «007»ን 7 ያደርገዋል። «ሀዋሳ»፣ «ሐዋሳ» እና «አዋሳ» ለኮምፒውተር ሦስት ከተሞች ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በፍለጋ ጊዜ ወደ አንድ ይታጠፉ፤ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ግን እንዳለ ይቆይ። በሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ለሰፈርና ለመንገድ ስም ሁለተኛ ዓምድ ይያዝለት።

የካርታ ሥራ አባል፦
አንድ ልጨምር። የቆየ ካርታ በአዲንዳን መነሻ (ቦታ በሚለካበት የድሮ መሠረት) የተሠራ ከሆነ ስልካችን ከሚጠቀምበት መነሻ፣ ከደብሊውጂኤስ 84 ጋር 200 ሜትር ገደማ ይለያያል። ሳይቀየር ከተጫነ ቤቱ ሌላ ሰፈር ይገባል። ነጥቡ በየትኛው መነሻ እንደተለካ ይጻፍ፤ በዲግሪ ከሆነ ከነጥብ በኋላ 5 አኃዝ ይበቃል፤ አንድ ሜትር ገደማ ነው።

የሕግ አባል፦
የምንቆምበት መሠረት የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው፤ ጥያቄያችን በጽሑፍ ገብቶ የተቀበለው ሰው ቀን ይፈርምበት፤ መልስ የሚጠበቀው በ30 ቀን ውስጥ ነውና። በሌላ በኩል የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የባለቤት ስም፣ ስልክና የይዞታ ማረጋገጫ ቁጥር ከፋይሉ ይውጣ። «ኪራይ ነው ወይስ የግል» የሚለው ዓምድም ይውጣ፤ ከቦታው ጋር ሲገጠም ስለ ነዋሪው ብዙ ይናገራል። ይህን እኛው ቀድመን ካላልን ለእምቢታ ምክንያት አቀበልናቸው ማለት ነው።

አስተባባሪ፦
ሁሉንም አስገብቻለሁ። ፋይሉ በየ3 ወሩ እንዲታደስ፣ እያንዳንዱ መስመር የተሻሻለበት ቀን እንዲኖረውና ስህተት ያየ ሰው ቀበሌ ቀርቦ እንዲያሳርም የሚልም ጨምሬያለሁ። ሙከራው በአንድ ቀበሌ ይጀመር፤ 100 ቤት በዕጣ አውጥተን በር ለበር እንፈትሽ። ነጥቡ ከበሩ ከ10 ሜትር በላይ ከራቀ እንደ ስህተት ይቆጠር።

ከዴሊቨሪ ሥራ የመጡ አባል፦
10 ሜትር ይጠብባል። የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ክፍት ሆኖ እንኳ 5 ሜትር ገደማ ይስታል፤ ፒያሳ አካባቢ በፎቆቹ መሃል ደግሞ ይብሳል። ፈታሹ በስልኩ የሚስተውን በመዝገቡ ላይ እንዳንጭን 15 ይሁን።

አስተባባሪ፦
እውነት ነው፤ 15 ተብሎ ታርሟል።