ከመላክህ በፊት ንፋ፦ የጋራ ማመልከቻችን የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ለዐውደ ርዕዩ የምናስገባው ማመልከቻ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ርዕሱ ባለፈው ተወስኗል፤ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለን ሰዎች በመረጃ ብዛት መታፈናችን። መፍትሔ አምጡ አልተባልንም። የተባልነው ሊሠራ የሚችል፣ ማንም ግን የማይገዛው፣ ተመልካች ስቆበት ቤቱ ሲገባ የሚከነክነው ዕቃ አምጡ ነው። የዲዛይን መምህራኑ አንተኒ ደንና ፊዮና ራቢ ለንደን ውስጥ በሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ሲያስተምሩ ያስፋፉት መንገድ ነው፤ «ነገ እንዲህ ቢሆንስ?» ብሎ የነገውን ዕቃ ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ። «ስልካችሁን ዝጉ» የሚል ፖስተር ይዞ የመጣ ሰው ለሁላችንም ቡና ይጋብዛል።

ሽቦ ቀጣይ፦
የኔ «ሚኒባስ» ነው። ስልክህ ላይ የሚመጣ መልእክት ሁሉ በሩ ላይ ይጠብቃል፤ 12 ሲሞላ ብቻ ረዳቱ «ሞላ! ሳበው!» ብሎ ባንዴ ይለቃቸዋል። እስከዚያ «ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። ሣጥኑን በካርቶን እሠራዋለሁ፤ ጎኑ ላይ የታክሲ ጥቅስ እንለጥፍበታለን።

ሥራ ፈላጊ፦
ሳቄ መጥቷል፣ ግን እኔን ጉድ ይሠራኛል። ቴሌግራም ላይ የምከታተላቸው የክፍት ሥራ ቻናሎች ብዙ ናቸው፤ አንዱንም ድምፁን መዝጋት አልችልም። ያው አንድ ማስታወቂያ በሁሉም ይዞራል፤ አንዱ ጋ አርማው ተቆርጦ፣ ሌላው ጋ ጊዜው ካለፈ በኋላ «አዲስ!» ተብሎ። ሁሉንም እከፍታለሁ፤ የሚቀጥለው እውነተኛው ቢሆንስ? «ምዝገባው ዛሬ 11 ሰዓት ያበቃል» የሚለው መልእክት አሥራ ሁለተኛውን ተሳፋሪ ሲጠብቅ እኔ አለቀልኝ። ወጣቱ ስልክ ላይ የተጣደው ሱስ ስላለበት ብቻ አይደለም፤ እንጀራው እዚያ ክምር ውስጥ ስለተቀበረ ጭምር ነው። ይህ ካልገባበት ማመልከቻችን የተመቸው ሰው ቀልድ ይሆናል።

ከሪያድ፦
እኔ ደግሞ ስለ ቤተሰብ ግሩፕ ላንሳ። ዋሽንግተን ያለው ወንድሜ ማታ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ እኔ ጋ ሊነጋ ነው፤ ያኔ ነው ቪዲዮ የሚያዘንበው። አክስቴ አበባ ያለበት «መልካም ቀን» ትልካለች። ከዚያ «ይህን ለ10 ሰው ያላስተላለፈ…» የሚለው ይከተላል። ድምፁን ብዘጋው «ተቀይማ ነው?» ተብሎ ስለኔ ሌላ ግሩፕ ተከፈተ። ከዘመድ ግሩፕ መውጣት ከሠርግ ቤት ሳይበሉ ከመውጣት ይብሳል። ስለዚህ ተቀባዩ ላይ የሚገጠም መሣሪያ፣ ሚኒባስም ይሁን ሌላ፣ ዞሮ ዞሮ ተቀባዩን ነው የሚያስወቅሰው።

አማካሪ (ጋሼ)፦
ልጆች፣ እኔ የእናንተን መሣሪያ ባላውቅም አንድ የማውቀው ነገር አለ። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ገና ጎሕ ሳይቀድ በእግሩ ሰፈሩን ይዞራል። የሟቹን ስም፣ የለቅሶ ቤቱን፣ ቀብሩ የት በስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል፤ አለቀ። ምን ታሞ፣ ማን አስታሞት፣ ውርሱ እንዴት እንደሆነ አይለፍፍም፤ ያንን ለቅሶ ቤት ሄደህ ትሰማለህ። ደግሞም ሰውየው ሳንባው አለ፣ ብርዱ አለ፣ ውሻው አለ። ለማይረባ ነገር ማን ይነሳል?

ሽቦ ቀጣይ፦
ጋሼ፣ ይባርክዎት! ሚኒባሱን ጣልኩት። «ላክ» የሚለውን ቁልፍ እናጥፋና በቦታው ጥሩምባ እንትከል። ስልኩ ሳትነፋ አይልክም።

ጸሐፊ፦
ማመልከቻው እዚህ ጋ አከርካሪ አገኘ፤ ልጻፈው። ኢኮኖሚስቱ ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1971 ያነሳው ነጥብ ይሄው ነበር፤ መረጃ የሚበላው የተቀባዩን ትኩረት ነው፣ ስለዚህ መረጃ ሲትረፈረፍ ትኩረት ይደኸያል። ዛሬ መላክ ለላኪው በነጻ ነው፤ ሒሳቡን የሚከፍለው አንባቢው ነው። ላኪውን ትንሽ ማስቸገር ደግሞ ተሞክሮ ሠርቷል። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ መልእክት ባንዴ ከአምስት ቦታ በላይ እንዳይተላለፍ ገደበ። በ2020 ብዙ የዞረውን መልእክት ባንዴ ወደ አንድ ቦታ ብቻ አደረገው፤ እንዲህ ያለው መልእክት ዝውውሩ በ70 በመቶ እንደቀነሰ ኩባንያው ራሱ ተናግሯል። የእኛ ጥሩምባ ይህንኑ ወስዶ እስከ እብደት የሚገፋ ነው።

ሽቦ ቀጣይ፦
እስከ እብደት ካልሽ ስሌቱን እነሆ። ለአንድ ሰው ስትልክ የተራ ንግግር ድምፅ ይበቃል፤ በድምፅ መለኪያው 60 ዴሲቤል ገደማ። ተቀባዩ በአሥር እጥፍ በጨመረ ቁጥር 10 ዴሲቤል እንጨምር። ለ10 ሰው 70፣ ለ100 ሰው 80፣ ለ1,000 ሰው 90። ቴሌግራም አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 አባል ይይዛል፤ እዚያ ለመጻፍ 113 ዴሲቤል መንፋት ይኖርብሃል። እሱ እንግዲህ የሙዚቃ ድግስ ድምፅ ማጉያ ሥር መቆም ነው። ማይክሮፎን ብቻ ከሆነ ግን ሰዉ የተቀዳ ድምፅ አጫውቶ ያልፋል፤ ስለዚህ አፉ ላይ የትንፋሽ ግፊት መለኪያ አስገባለሁ። ሁለቱም ካልተስማሙ መልእክቱ አይሄድም።

ከሪያድ፦
አክስቴ ለአርባ ሰው አበባ ለመላክ ንጋት ላይ ስትነፋ ታየችኝ። ጎረቤት ነጠላውን ዘቅዝቆ ይመጣል።

አማካሪ (ጋሼ)፦
እሱን ላነሳ ነበር። ሰው ሳይሞት ጥሩምባ መንፋት ቀልድ አይደለም፤ ልጁን የቀበረ ሰው ዐውደ ርዕያችሁን ሊጎበኝ ይችላል። ቅርጹ ይቅር አልልም፤ ግን የእድሩን አነፋፍ አትቅዱ፤ መልኩም የሚያስቅ ይሁን።

ሰብሳቢ፦
ተቀብለናል ጋሼ። ብርቱካንማ ቀለም፣ ድምፁም እንደ ዳክዬ።

ሥራ ፈላጊ፦
የኔ ጥያቄ አሁንም አልተመለሰም። አስም ያለበትስ? ደግሞ ገንዘብ ያለው መሥሪያ ቤት ራሱ የሚነፋ ይመስላችኋል? ነፊ ይቀጥራል። አሥር ጎረምሳ አሰልፎ ቀኑን ሙሉ ያስነፋል፤ እኛ ትንፋሽ አጥሮን ዝም ስንል ማስታወቂያ ብቻ ይቀራል።

ጸሐፊ፦
ይሄማ የሥራው ግማሽ ነው! አትደብቁት፣ እናሳየው። ከጥሩምባው አጠገብ የነገው ዓለም የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ይሰቀል፦ «የሥራ መደብ፦ ነፊ ደረጃ 2። ተፈላጊ ችሎታ፦ በማንኛውም የትምህርት መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ሁለት ዓመት የመንፋት ልምድ፣ ጤናማ ሳንባ። ደመወዝ፦ በስምምነት። ዜሮ ዓመት ልምድ ያላችሁ እንዳትደክሙ።» ያው ማስታወቂያ በዘጠኝ የተለያየ አርማ፣ በዘጠኝ የተለያየ የመዝጊያ ቀን ግድግዳውን ይሙላ። እውነተኛው አንዱ ብቻ ነው፤ ጎብኚው ይፈልግ።

ሥራ ፈላጊ፦
እውነተኛው የቱ እንደሆነ እኛም አንወቅ። አሁን ተስማማሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ያልተጠየቅሁትን ልመልስ። ጥሩምባውን እኛ ካልሸጥነው ለምን እንሠራዋለን የሚል ገምጋሚ አይጠፋም።

ሰብሳቢ፦
ጃፓናዊው ኬንጂ ካዋካሚ «ቺንዶጉ» ብሎ የሰየማቸው፣ ተሠርተው ግን ማንም የማይጠቀምባቸው አስቂኝ ዕቃዎች ሕግ ይበቃናል፤ ዕቃው የግድ ተሠርቶ መታየት አለበት፣ ለሽያጭ ግን አይቀርብም፣ ፓተንትም (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አይወጣበትም። ይህችን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገቢያት።

ጸሐፊ፦
ረቂቁ እስካሁን እንዲህ ይነበባል፤ አርሙልኝ፦ «ለመላክ ጥሩምባ መንፋት ግድ የሆነበትን ከተማ እናሳያለን። ጎብኚው መልእክት ጽፎ የተቀባዮቹን ብዛት ይመርጣል፣ ይነፋል። ትንፋሹ ካልበቃ ስክሪኑ ‹ይህን በአካል ሄደህ ብትነግራቸውስ?› ይለዋል። ግድግዳው ላይ ትንፋሽ መግዛት የሚችሉት ድርጅቶች የሚያወጡት ማስታወቂያ አለ። ዕቃው አይሸጥም።»

ከሪያድ፦
«በአካል» የሚለው እኔን ያገለኛል፤ «ደውለህ» በሚለው ይተካ።

ጸሐፊ፦
ተተክቷል።

ሽቦ ቀጣይ፦
113 ዴሲቤል አዳራሽ ውስጥ ጆሮ ይጎዳል። ለትርኢቱ ጣሪያው 85 ይሁን፤ ከዚያ በላይ የመረጠ ጎብኚ «ለዚህ ያህል ሰው ፈቃድ ያስፈልግዎታል» ተብሎ ወደ ገንዘብ ያዡ ይላክ።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ እዚያ ቀን አልገኝም።

ሰብሳቢ፦
ትገኛለህ፤ በማኅተም። ሽቦ ቀጣይ የግፊት መለኪያውን ዋጋ እስከ ሐሙስ ያምጣ፤ ሥራ ፈላጊ ዘጠኙን ማስታወቂያ ይጻፍ፤ ጋሼ ዓርብ ዳክዬውን ሰምተው ይፍቀዱልን።