ሞተሬ ወድቆ ተኝቷል፣ ማንሳት አቃተኝ፣ እባካችሁ ቶሎ!

ጀማሪው፦
ወገን ድረሱልኝ። ሞተሬ ወድቆ መንገድ ዳር ተኝቷል። ላነሳው ብታገል ንቅንቅ አይልም። ከቢቸና ወደ ደብረ ወርቅ ሲኬድ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር የሚገባው መንገድ ላይ ነኝ። መሬቱ ዋልካ ነው፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ቤንዚን ይሸተኛል። እኔ ደህና ነኝ፣ ቁርጭምጭሚቴን ብቻ ትንሽ አመመኝ። እስከ ዛሬ የለመድኩት ቦክሰር ነው፣ እሷ ስትወድቅ ብድግ አድርጌ ነበር የማቆማት። ይሄ ግን የኔ አቅም አይደለም። ከተነሳልኝ እሸጠዋለሁ። እንዴት ነው የሚያነሱት?

የደጀን ሹፌር፦
እንኳን ተረፍክ ልጄ። ግን ልጠይቅህ፣ መንጃ ፈቃድ አለህ? ለማጅ ከሆንክ በሐምሌ፣ በዋልካ፣ ብቻህን ምን ልታደርግ ገባህ? እኔ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን የአባይን በረሃ ስወርድ ስወጣ ነው ያረጀሁት፣ እዚያ ቁልቁለት ላይ ስንት ወጣት ከሞተር ሲወርድ አይቻለሁ። ከባድ ሞተር መጀመሪያ በሜዳ፣ በደረቅ መሬት፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው የሚለመደው። መንዳት ማለት መሄድ ብቻ አይደለም። ማቆም አለ፣ መግፋት አለ፣ ዞሮ መመለስ አለ። ሄልሜትስ አድርገሃል? ጓንትስ? ቦቲ ጫማስ?

መካኒኩ፦
ጋሼ ምክርዎ ትክክል ነው፣ ግን ልጁ አሁን ቤንዚን እየሸተተው ነው። ጀማሪው፣ ከማንሳትህ በፊት ቁልፉን አጥፋ። ቀጥለህ የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጋ፣ ከታንከሩ ሥር በግራ ወይም በቀኝ ታገኘዋለህ። አጠገቡ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አይቁም። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ገና ትኩስ ነው፣ እግርህ እንዳይነካው። አሁን መልስልኝ፦ ሞተሩ ምንድን ነው? በየትኛው ጎኑ ነው የተኛው? ቦታው ሜዳ ነው ዳገት?

የበሬው ጌታ፦
ሐምሌ አይደል፣ ጤፍ የሚዘራ ሰው አጠገብህ አይጠፋም። ጥንድ በሬ ያስጠጋልህና በገመድ ብድግ ይላል። ሞተሩ ራሱ በሬ ያህል ነው!

መካኒኩ፦
ኧረ በሬ አታምጣበት። በገመድ ከጎተቱት መሪውም የፊት ሹካውም ይጣመማል። ሰዎቹን ግን ጥራቸው።

ነርሷ፦
ስለ ሞተሩ አላውቅም፣ ስለ እግርህ ልበል። ቆመህ 4 እርምጃ መራመድ ትችላለህ? ካልቻልክ ወይም የቁርጭምጭሚቱን አጥንት ስትነካው በጣም ካመመህ ራጅ ያስፈልግሃል። ጫማህን አሁን አታውልቅ፣ እቤት እስክትደርስ ደግፎ ይይዝልሃል። ቅባት ቀብቶ የሚያሽህ ሰው ቢመጣ እሺ እንዳትል።

የበሬው ጌታ፦
እህቴ ወጌሻ እኮ ስንቱን አድኗል!

ነርሷ፦
አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነና ከታሸ ይብስበታል። መጀመሪያ ስብራት አለመኖሩ ይታወቅ፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጀማሪው፦
እራመዳለሁ፣ እህቴ እግዜር ይስጥሽ። ያማሃ ኤክስቲ 600 ነው። በቀኝ ጎኑ ነው የተኛው። መንገዱ ወደ ቦዩ ያዘነብላል። ጎማዎቹ ከላይ በኩል ናቸው፣ መሪውና ኮርቻው ወደ ቦዩ ወርደዋል። መዝጊያውን ዘግቻለሁ። ከኋላ ያለው ጤፍ እንዳይረጥብብኝ ነው የምቸኩለው።

መካኒኩ፦
የምን ጤፍ?

ጀማሪው፦
ፖርቶመጋላው ላይ የታሰረ ነው። ግማሽ ኩንታል።

የሞጣዋ፦
ወንድሜ 50 ኪሎ ጤፍ ጭነህ ነው እንዴ ሞተሩን የምትታገለው! ፍታው መጀመሪያ። ኤክስቲ 600 ባዶውን ከ150 ኪሎ በላይ ነው። ታንከሩ ወደ 15 ሊትር ይይዛል፣ ሞልተህ ከሆነ እሱ ብቻ 11 ኪሎ ያህል ይጨምርብሃል፣ እሱም ከላይ በኩል። ጤፉ ሲታከልበት ከ200 በላይ ሆነ። ቦክሰር እኮ ወደ 120 ኪሎ ገደማ ናት። ስለዚህ ያቃተህ አቅም አንሶህ አይደለም፣ ማንም ቢሆን እንደዚያ አድርጎ አያነሳም። መሸጥ የምትለውን አሁን ተወው።

የደጀን ሹፌር፦
ለማጅ ጭነት አይጭንም ነበር የምለው እኮ እኔ።

አንድ ወንድም፦
ሰው ጥራ። ሁለት ሰው ከመጣ አለቀ። ሌላ ብልሃት የለውም።

የሞጣዋ፦
ሰው ካለ ጥሩ ነው፣ ግን ብልሃት አለው። እኔ ቀጭን ነኝ፣ ብቻዬንም አነሳለሁ። አብዛኛው ሰው ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሮ ጎንበስ ይልና በወገቡ ይጎትታል። ወገቡን ይሰብራል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። ጀርባህን ስጠው። በቀኝ ጎኑ ስለተኛ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዙረው፣ ያኔ የቀኙ እጀታ ወደ ታንከሩ ይጠጋልሃል። ከኮርቻው ጎን ዞረህ ቁጢጥ በልና ዳሌህን ኮርቻው ጠርዝ ላይ አስደግፍ። በግራ እጅህ የመሪውን ቀኝ እጀታ ያዝ፣ በቀኝ እጅህ ፖርቶመጋላውን ወይም ከኮርቻው ሥር ያለውን ጠንካራ ብረት። ፍሬቻ ወይም ፕላስቲክ እንዳትይዝ፣ ይነቀላል። ክንድህን ቀጥ አድርገው፣ ጀርባህን አታጉብጥ፣ ቀና ብለህ ወደ ፊት እይ። ከዚያ በእግርህ መሬቱን እየገፋህ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሂድ። ጉልበቱ ሁሉ ከጭንህ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያዋ ስንዝር ናት ከባዷ፣ ከዚያ ወዲህ እየቀለለ ይመጣል።

መካኒኩ፦
ያለችው ትክክል ነው፣ ግን በዚህ አኳኋን እንደተኛ አይሆንም። ኮርቻው ቁልቁል ነው ያለው። ከቦዩ ሽቅብ ልታነሳው ነው ማለት ነው። መጀመሪያ መሬት ላይ እንደተኛ አዙረው።

የበሬው ጌታ፦
ግማሽ ዙር አዙረው፣ ጎማዎቹ ወደ ቦዩ ይሁኑ፣ ያኔ ገና ሳትነካው ግማሽ መንገድ ተነስቷል።

መካኒኩ፦
መነሳቱስ ይነሳል፣ ማቆሙ ነው ችግሩ። የጎን መቆሚያው በግራ ነው። ግማሽ ዙር ካዞርከው ግራው ወደ ቦዩ ይሆናል፣ ቀና ሲል በዚያው ወደ ግራ ይገለበጥና ቦይ ይገባል። ሩብ ዙር ይበቃል፣ የፊት ጎማው ወደ ዳገቱ ይይ። ዋልካው ርጥብ ስለሆነ የኋላውን ጫፍ ይዘህ ስትጎትተው ይንሸራተትልሃል፣ እዚህ ላይ ጭቃው ጠቀመህ። ከዚያ በቀኝ መተኛቱ ራሱ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም የጎን መቆሚያውን አሁኑኑ ማውጣት ትችላለህ። አውጣው። የማርሹ ፔዳልም በግራ ስለሆነ ከላይ ነው ያለው፣ የኋላ ጎማውን በእጅህ ወዲያ ወዲህ እያልክ 1ኛ ማርሽ አስገባ። ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) ከተውከው ገና ቀና እንዳለ ወደ ኋላ ይንከባለልብሃል። መቆሚያው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርግ፣ አለዚያ ዋልካው ይውጠውና ሞተሩ እንደገና ይወድቃል። ሊቆም ሲል ደግሞ ቀስ በል፣ አብዛኛው ለማጅ በኃይል ገፍቶ በወዲያኛው ጎን ነው የሚጥለው።

አንድ ወንድም፦
እኔ ግን አሁንም ሰው ጥራ ነው የምለው።

ጀማሪው፦
ጤፉን ፈታሁት፣ ሁለት ሰዎችም ከማሳ እየመጡ ነው። ስልኬ ባትሪ እየጨረሰ ነው።

መካኒኩ፦
ሰዎቹ ሲመጡ ሁሉም በአንድ ጎን ይቁሙ። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ አንተ መሀል ኮርቻው ጋ። ከወዲያኛው ጎን የሚጎትት ሰው አይኑር፣ ከተገለበጠ እላዩ ላይ ነው የሚወድቅበት።

የሞጣዋ፦
እስኪነሳ ድረስ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስትወድቅ በጣም ቀስ ብለህ ልትዞር ነበር አይደል? መሪው እንደዞረ የፊት ፍሬን ያዝክ?

ጀማሪው፦
አዎ፣ በግ ገባብኝና ያዝኩት። እንዴት አወቅሽ?

የሞጣዋ፦
ለማጅ ከባድ ሞተር የሚጥለው እንደዚያ ስለሆነ። መሪው ዞሮ ሳለ የፊት ፍሬን ከያዝክ ክብደቱ ሁሉ ወደ ዞረበት ጎን ይሄዳል፣ አንዴ ማዘንበል ከጀመረ በእግርህ አታቆመውም። በዚያ ላይ ኤክስቲ ረጅም ነው፣ ኮርቻው ከመሬት 85 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ እግርህ በጣቱ ብቻ ነው የሚደርሰው። ቀስ ብለህ ስትሄድ የፊቱን ተወው፣ የኋላ ፍሬን በእግርህ ትንሽ ረገጥ አድርግ፣ ፍሪሲዮኑን ሙሉ ሳትለቅ ግማሽ ላይ ይዘህ ትንሽ ነዳጅ ስጠው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ልትቆም ስትል መጀመሪያ መሪውን አቅና፣ ከዚያ ያዝ። ዓይንህም ወደምትሄድበት እንጂ ወደ ጎማው አይይ። ይሄንን ቢቸና ውስጥ አንድ ሰፊ ሜዳ ፈልገህ ጤፍ ሳትጭን፣ ታንከሩን ግማሽ ብቻ ሞልተህ ተለማመደው። መግፋቱንም ተለማመድ። ኢንጅኑ ጠፍቶ ከግራ ቆመህ ዳሌህን ታንከሩ ጋ አስጠግተህ፣ ወደ አንተ ትንሽ ዘንበል አድርገህ ግፋው። ወደ ወዲያ ካዘነበለ አትይዘውም። ማንሳቱንም ቢሆን ሣር ላይ ሰው አጠገብህ ቆሞ ቀስ ብለህ አስተኝተህ አንሳው። የመጀመሪያው ልምምድህ ዝናብ እየመጣብህ መሆን የለበትም።

የደጀን ሹፌር፦
ይህችን ልጅ ስሟት። እኔ የማላውቀውን አልተናገረችም፣ ግን በደንብ አስረዳች።

ጀማሪው፦
ተነሳ!!! ተመስገን። ሰዎቹን እግዜር ይስጥልኝ። ግን አሁን ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ መሪውን ቀጥ ስይዝ የፊት ጎማው ወደ ግራ ያያል። ሁለተኛ፣ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል ግን ኢንጅኑ አይነሳም።

አንድ ወንድም፦
ቾክ ሳበው፣ ይነሳል።

መካኒኩ፦
ቾክ አትንካ! ተኝቶ ስለነበር ካርቡራቶሩ ቤንዚን አጥለቅልቆታል፣ ቾክ ደግሞ ቤንዚን ነው የሚጨምርበት። በዚያ ላይ ያላችሁበት ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ በቀላሉ ይበዛበታል። ቆሞ ትንሽ ይረፍ፣ ዘይቱም ወደ ቦታው ይመለስ። ከዚያ መሪው ላይ ያለውን የነዳጅ መስጫ እጀታ ሙሉ ጠምዝዘህ ይዘህ አጭር አጭር አድርገህ አስነሳ። ሞተሪኖው ዞሮ ዞሮ ድንገት ድርቅ ካለ ግን አታስገድደው፣ ሲሊንደር ውስጥ ዘይት ወይም ቤንዚን ገብቶ ይሆናል፣ ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) አውልቀህ ነው የምታስወጣው። ሲነሳ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ጭስ ቢያጨስ አትደንግጥ፣ ዘይት ነው፣ ወዲያው ይጠራል። የመሪው ነገር ቀላል ነው። ከፊት ቆመህ የፊት ጎማውን በሁለት ጉልበትህ መሀል አጥብቀህ ያዝ፣ መሪውን በሁለት እጅህ ይዘህ ጎማው ወደሚያይበት ጎን፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ግራ፣ በኃይል ጠምዝዘው። ካልመጣ ሹካውን የያዙት ብሎኖች ትንሽ ይላላሉና ይስተካከላል፣ እሱን ጋራዥ አድርገው። የፊት ፍሬኑን እጀታ አይተሃል? ተሰብሯል?

የበሬው ጌታ፦
ኤክስቲውን ከሸጥከው እኔ እገዛለሁ፣ ዋጋውን ንገረኝ።

የሞጣዋ፦
አይሸጥም አልኩ እኮ!

ነርሷ፦
ጀማሪው፣ እግርህ አብጧል? በበረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ ጨርቅ ነክረህ ያዘው፣ ከፍ አድርገህም አስተኛው።

መካኒኩ፦
ስልኩ ጠፍቶበት ይሆናል። ሲመለስ እንዲያየው እዚህ ልጻፈው። የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎቹን መሪው ላይ የያዛቸውን ብሎን በጣም አታጥብቀው፣ ሲወድቅ እንዲዞር ይሁን፣ እንዲያ ካልሆነ ይሰበራል። የአየር ፊልትሮውን ክፈትና ዘይት ወይም ቤንዚን ነክቶት ከሆነ እጠበው። ባትሪው ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ ፈስሶ እንደሆነ እይ፣ አሲድ ነውና በእጅህ እንዳትነካው። ዘይቱን ደግሞ ለካ። ኤክስቲ 600 ዘይቱን ከኢንጅኑ ለይቶ ስለሚይዝ ቀዝቅዞ ስትለካው የጎደለ ይመስላል፣ ሰው በዚህ ተታልሎ አብዝቶ ይጨምራል። አሙቀኸው፣ ኢንጅኑ እየሠራ ሞተሩን ቀጥ አድርገህ አቁም፣ ከዚያ አጥፍተህ ወዲያው ለካ። ስንት ላይ እንዳለ ጻፍልኝ።

የደጀን ሹፌር፦
ደርሶ ይሆን?