ቤት ሻጭ ራዶን ለክቶ ብቻ ይሽጥ ወይስ አስተካክሎ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ቤት ሲሸጥ (ታውንሃውስም ጭምር፤ ኮንዶ ግን አይካተትም) ሻጩ ራዶን የተባለውን ጋዝ ይለካል፣ ወይም ገዢው እንዲለካ ይፈቅዳል። ምርመራው ከክሎዚንግ (ሽያጩ ከሚጠናቀቅበት ቀን) በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የተደረገ መሆን አለበት። ልኬቱ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ጥገና ከሚመክርበት ከ4 ፒኮኪዩሪ በሊትር (የራዶን መጠን መለኪያ) ቢያልፍም ሻጩ እንዲያስተካክል አይገደድም። ይገደድ?

ነርስ፦ ይገደድ እንጂ! ይህ ከአፈር የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ከሲጋራ ቀጥሎ ዋናው የሳንባ ካንሰር መንስኤ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በዓመት 21,000 ያህል ሰው እንደሚሞትበት ይገምታል። ብዙውን ጊዜ የሚበዛው ደግሞ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ላይ ነው፤ ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባታችንን የምናስተኛው እዚያ ነው።

ኤጀንት፦ እህቴ፣ አደጋውን የካደ የለም። ግን ተገዶ የሚያሠራ ሻጭ ሐሳቡ ክሎዚንጉ እንዳይዘገይበት ብቻ ነው፤ ርካሹን ሠራተኛ ይጠራል። ሥራው በአብዛኛው ከ1,000 እስከ 2,500 ዶላር ይፈጃል። ገዢው ያንን ከዋጋው ያስቀንስና የሚያምነውን ሰው ያሠራ።

ነርስ፦ የተቀነሰው ገንዘብ ለሶፋና ለመጋረጃ ይሄድና ጋዙን ስቦ የሚያስወጣው ፋን ሳይገጠም ዓመት ያልፋል።

ኢንስፔክተር፦ ከማስገደዱ በፊት ልኬቱ ይታመን። ምርመራው ከመጀመሩ 12 ሰዓት ቀደም ብሎ መስኮትና በር ይዘጋል፤ ከዚያም ቢያንስ 48 ሰዓት እንደተዘጋ ይቆያል፣ ለመግባትና ለመውጣት ካልሆነ በቀር። መሣሪያው ሰው ሊኖርበት በሚችለው ዝቅተኛ ወለል ላይ ይቀመጣል፦ ከመሬት 20 ኢንች ከፍ ብሎ፣ ከመስኮት 3 ጫማ ርቆ። ኩሽናና መታጠቢያ ቤት አይሆንም። ራዶን የሚለካበት የከሰል ቆርቆሮ የሚሰጠው አንድ አማካይ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሻጩ ሌሊት መስኮት ቢከፍት አይናገርም። በየሰዓቱ የሚመዘግበው ኤሌክትሮኒክ መለኪያ ግን ቁጥሩ ድንገት ማሽቆልቆሉን ያሳያል፤ ብዙዎቹ ከቦታቸው ሲነሱም ይመዘግባሉ። እኔ ሕጉ ይህን ግዴታ ቢያደርግ ይሻለኛል።

ጥገና ሠሪ፦ እስማማለሁ፤ ግን ኤጀንቱ የፈራው የርካሽ ሠራተኛ ሥራ በድጋሚ ምርመራ ይያዛል። ትክክለኛው አሠራር የቤዝመንቱን ሲሚንቶ በስቶ፣ ከሥሩ ያለውን አየር በ3 ወይም 4 ኢንች ፒቪሲ ቧንቧ ስቦ ከጣሪያ በላይ ማስወጣት ነው። ፋኑ ጣሪያ ሥር ወይም ውጭ ይሆናል እንጂ ቤዝመንት ውስጥ አይገጠምም፤ ከፋኑ በላይ ያለው ቧንቧ ቢያፈስ ጋዙ ተመልሶ ቤት ይሞላል። ሰነፍ ሠራተኛ የሳምፕ ፓምፑን (ከቤዝመንት ሥር ውሃ የሚያወጣውን) ጉድጓድ ሳይከድን ይሄዳል፤ ያኔ ፋኑ የሚስበው የቤዝመንቱን አየር ነው፣ የአፈሩ ጋዝ እዚያው ይቀራል። ፋኑ ከተነሳ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ 30 ቀን ሳይሞላ እንደገና ይለካ።

ኤጀንት፦ እንግዲያው የጥገናው ገንዘብ በታይትል ካምፓኒው (ሽያጩን በሚያስፈጽመው ድርጅት) እጅ ይያዝ፤ ድጋሚ ልኬቱ ከ4 በታች ሲሆን ይለቀቅ። ሻጭም አይጎተት፣ ገዢም ገንዘቡን ለሌላ አያውለው።

ነርስ፦ ይህስ ይሻላል። ግን ለምን 4? የዓለም ጤና ድርጅት መነሻ 2.7 ገደማ ነው፤ የአሜሪካው ኤጀንሲ ራሱ በ2 እና በ4 መካከል ያለውንም ማስተካከሉን አስቡበት ይላል። 3.9 ያሳየ ቤት «አልፏል» ተብሎ ይሸጣል።

ጥገና ሠሪ፦ ከ2 በታች ማውረድ በአብዛኛው ቤት ይቻላል፤ ውሉ ላይ 2 ብላችሁ ጻፉ። ፋን ያለው ቤት የምትገዙም ቧንቧው ላይ ያለውን የዩ ቅርጽ መለኪያ እዩ። በሁለቱ ክንድ ያለው ፈሳሽ እኩል ከሆነ ፋኑ እየሳበ አይደለም።